ባለሆዷና እህቷ

በመሥሪያ ቤቱ ውስጥ በስሟ የሚጠራት አልነበረም። ከዘበኛው ጀምሮ እስከ ኃላፊው ድረስ «ባለሆዷ» ነው የሚሏት። ለራሷ ሆድ የሚባል ነገር የላትም፤ ቀጭን፣ ረጅም፣ ነጭ ጋዋኗ ምስማር ላይ እንደ ተሰቀለ ትከሻዋ ላይ የሚንጠለጠል ሴት ናት። ሆዱ ያለው ጠረጴዛዋ ላይ ነው። ግድግዳው ድርብ የሆነ የብርጭቆ ዕቃ ነው፤ በሁለቱ ግድግዳዎች መሃል ሙቅ ውሃ እየዞረ ውስጡን የሰው ገላ ያህል ያሞቀዋል፣ ከሥሩ ትንሽ ማግኔት እየተሽከረከረች ታማስለዋለች። በአፉ በኩል አንዲት ቀጭን ዘንግና አንድ ቀጭን ቱቦ ገብተውበታል። እንግዳ ሲመጣ ኃላፊው ዕቃውን በጣቱ እያመለከተ «የመሥሪያ ቤታችን ትልቁ በላተኛ ይሄ ነው፣ ጠግቦ አያውቅም» ይላል። ቀልዱ ከዓመት ዓመት አይለወጥም። ባለሆዷም ፈገግ ብላ ወደ ማስረዳቱ ትገባለች።

ማስረዳት ደግሞ ትወዳለች። ለተማሪ፣ ለጎብኚ፣ አምፖል ሊቀይር ለገባ ኤሌክትሪሺያን ሳይቀር ታስረዳለች። ውሃ የሚጠሉ፣ ዘይት ካልሆነ የማያሟሟቸው መድኃኒቶች አሉ። ፋብሪካው እነዚህን በዘይት አሟሙቶ በለስላሳ እንክብል ይሞላቸዋል። እስከ ጉሮሮ ድረስ ነገሩ ሰላም ነው። ጉዱ የሚመጣው ሆድ ዘይቱን መፍጨት ሲጀምር ነው፤ ዘይቱ ተፈጭቶ ሲያልቅ መድኃኒቱ መጠጊያ ያጣል። ወይ ሐሞት ተቀብሎ ያስጠጋዋል፣ ወይ እንደ ጠመኔ ብናኝ ነጭ ሆኖ ታች ይዘቅጣል። የሰው ሆድ ከፍቶ ማየት አይቻልምና እሷ በብርጭቆው ውስጥ ሐሞት በጥብጣ፣ መድኃኒቱን ጨምራ፣ ከአሳማ ቆሽት የተዘጋጀ ዱቄት በውሃ አቅጥና ትለቅበታለች። ዘይቱ ሲፈጭ አሲድ ይወጣዋል፤ ዘንጓ አሲዱን ታውቃለች፣ ቱቦው ማርከሻውን ጠብ ጠብ ያደርጋል። ጠብታው ከፈጠነ ሆዱ በርትቷል ማለት ነው።

እሷ በየመሃሉ በመርፌ ትቀዳለች፣ የተቀዳው በዚያው መፈጨቱን እንዳይቀጥል ማስቆሚያ ትጨምርበታለች፣ ከዚያ በማሽን አሽከርክራ ብልቃጧን ወደ መስኮቱ ብርሃን ታነሳለች። ከላይ ያልተፈጨ ዘይት፣ ከመሃል ደፍረስ ያለ ውሃ፣ ከታች ነጩ ዝቃጭ። የመሃሉ ወደ ደም ሊሄድ የሚችለው ነው። የታችኛው በሽተኛው ውጦ ወደ መጸዳጃ ቤት የሚሸኘው ነው። ሐሞቱን አሳንሳ ከበጠበጠችው ብርጭቆው ያልበላ ሰው ይሆናል፤ ሐሞቱን አብዝታ፣ ስብ ጨምራበት ከበጠበጠችው ደህና ምሳ የበላ ሰው ነው። ያው አንድ እንክብል ባልበላው ሰው ሆድ አብዛኛው ይዘቅጣል፣ በጠገበው ሆድ ግን ከታች ዱካው እንኳ አይታይም። ባለሆዷ እዚህ ላይ ስትደርስ ሁለቱን ብልቃጦች ጎን ለጎን ይዛ ታሳያለች፣ ኤሌክትሪሺያኑም «ይገርማል» ብሎ መሰላሉን ይዞ ይሄዳል።

ይህችው አስረጂ ቤቷ ስትገባ አንድ ታናሽ እህት ትጠብቃታለች። እናታቸው ስታጣጥር የትንሿን እጅ በትልቋ መዳፍ ላይ አኑራ «አደራሽን» ብላ ነው ያረፈችው። ባለሆዷም ትዳር መጣ ሄደ፣ ዕድሜ መጣ ሄደ፣ አደራዋን ይዛ ቀረች። ታናሺቱን ሁሉም ሚጢ ይላታል። አሁን ሽበት ብቅ ብቅ ያለባት ሴት ብትሆንም ሚጢነቱ አልለቀቃትም። ከልጅነቷ ጀምሮ የሚጥል በሽታ አለባት፤ እያወራች ዓይኗ ድንገት ፈጦ ይቀራል፣ ከዚያ በቆመችበት ትወድቃለች።

ሚጢ ልብስ ሰፊ ናት፣ ያውም እጇ ወርቅ ነው። የስፌት ቤቱ ባለቤት አንድ ቀን ከስፌት መኪናው ሥር ወድቃ ካገኛት በኋላ «አንቺን የመሰለ ሰፊ አላገኝም፤ ግን ዳግመኛ እዚህ ከወደቅሽ ቤትሽ ትቀመጫለሽ» ብሏታል። ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም፣ ፈርቶ ነው። ለሚጢ ከዚያ ወንበር የሚበልጥ ነገር በዓለም ላይ አልነበረም። ሌላው ቦታ ሁሉ «አይዞሽ» ነው የሚላት፤ እዚያ ብቻ ነው «ጎበዝ» የምትባለው።

ሐኪሟ ለሚጢ አዲስ መድኃኒት ሲያዝላት ባለሆዷ ማዘዣውን ተቀብላ አየችና ሳቅ አለች። በእሷ ብርጭቆ ውስጥ ያለፈ እንክብል ነበር። የራሷ ልጅ ለወግ ለማዕረግ የበቃላት ያህል ደስ አላት፣ በመንገድ ላይም «ይሄን አውቀዋለሁ፣ ይሄን አውቀዋለሁ» እያለች እህቷን አሰለቸቻት። መድኃኒቱ ግን ያሰቡትን ያህል አልሠራም። ሚጢ አንድ ቀን ደረጃ ላይ፣ አንድ ቀን መታጠቢያ ቤት ውስጥ ወደቀች። ስፌት ቤት ውስጥ እንዳትወድቅ በየማለዳው እየተሳለች ነበር የምትወጣው። ባለሆዷም ምክንያቱ ወዲያው ገባት።

«ቁርስሽን ምን በላሽ?» አለቻት።

«ዳቦ በሻይ።»

«ዳቦው ላይ ምን ነበረበት?»

«ዳቦ።»

«ሚጢ፣ አትቀልጂ። መድኃኒቱን ከምግብ ጋር ነው ያሉሽ።»

«ታዲያ ዳቦ ምግብ አይደለም? ምንድን ነው፣ ጫማ ነው?»

«ቅባት ነገር ነካ አድርጊበት። ብዪ እስቲ፣ ዐፅምሽ ብቻ ቀርቷል።»

ሚጢ ቅባት ሲሸታት ያጥወለውላታል። ደግሞም ሲመክሯት የኖረች ሰው ናት፤ አትሩጪ፣ አትውጪ፣ እሳት አጠገብ አትቀመጪ፣ አሁን ደግሞ ብዪ። ንዝንዙ ከሰሞን ሰሞን ሲብስ አንድ ቀን ማንኪያዋን አስቀመጠችና «እትዬ፣ ልታደልቢኝ ነው እንዴ? እኔ ብርጭቆሽ አይደለሁም። ስለ ሆዴ አንድ ቃል ብትደግሚ ቤት ተከራይቼ እወጣለሁ፣ እናታችንን» አለች። በእናታቸው ከማለች መመለሻ እንደሌላት ባለሆዷ ታውቃለች። ከዚያ ወዲያ ስለ ሆድ አላነሳችም።

ዝም ያለች ሴት ግን የተወች ሴት አይደለችም። ባለሆዷ ጠዋት ቀደም ብላ እየተነሳች ለእህቷ አጃ በወተት መሥራት ጀመረች። ዘይት ጨምራ ብትሰጣት ከላይ ተንሳፍፎ ያሳብቅባታል፤ ይህን ደግሞ ከእሷ የበለጠ የሚያውቅ የለም፣ እንጀራዋ ነው። ስለዚህ ዘይቱን ከእንቁላል አስኳል ጋር አድርጋ ነጭ እስኪሆን ትመታዋለች፣ የወተቱን ስልባቦት ትደባልቅበታለች፣ ከዚያ ከትኩሱ አጃ ጋር ታዋህደዋለች። አስኳሉ ዘይቱን በውሃው ውስጥ ይበትነዋል፤ በብርጭቆው ሆድ ውስጥም በየቀኑ የምታደርገው ይህንኑ ነው። ሽታውን ለመደበቅ ቀረፋና ስኳር ነሰነሰችበት።

«ዛሬ ለስለስ ብሏል» አለች ሚጢ።

«አጃው አዲስ ነው» አለች ባለሆዷ፣ ዓይኗን በጨው አጥባ።

በዚያው ሰሞን ሐኪሙ መውደቁ አለመቆሙን አይቶ የመድኃኒቱን መጠን ጨመረ። ባለሆዷ ይህን ሰምታለች፣ ግን ከቁም ነገር አልቆጠረችውም። የሚዘቅጥ ነገር ላይ ቢጨምሩ ዝቃጩ ነው የሚበዛው ብላ አሰበች። ሞኝ ሴት ሆና አይደለም። እዚያ ጠረጴዛ ላይ ዕድሜዋን ሙሉ የተማረችው አንድ ነገር ነው፤ የመሃሉ ውሃ በበዛ ቁጥር ደስ ይበልሽ።

መውደቁም ቆመ። ሐኪሙ መጠኑን በመጨመሬ ነው አለ፣ ሚጢ ስለቴ ሰመረ አለች፣ ባለሆዷ ደግሞ ነገሩን በሆዷ ይዛ አጃዋን ትመታለች። የስፌት ቤቱ ባለቤት የሙሽራ ቀሚስ ሰጥቶ አሰፋት፤ ይህ በዚያ ቤት ለማንም የሚሰጥ ሥራ አይደለም። ሚጢ ማታ ስትመጣ እያዜመች ነው። ባለሆዷ ከጓዳ ሆና ድምፅዋን እየሰማች ለሟች እናቷ «አየሽልኝ?» ትላለች። ደስ ብሏት ነበር። በሕይወቷ እንደዚያን ሰሞን ደስ ብሏት አያውቅም፣ ይህ ሊነገርላት ይገባል።

ከዚያ ሚጢ መተኛት አበዛች። እራት ላይ ማንኪያ እንደያዘች ታንቀላፋለች። ደረጃ ስትወርድ ግድግዳውን ትደግፋለች። ቃል ስትናገር ምላሷ ይተሳሰራል፣ ያሰበችው ቃል ሳይሆን ሌላ ቃል ይወጣል። «ደክሞኝ ነው» አለች፤ ቀጥሎ «እትዬ፣ በሽታው ወደ ጭንቅላቴ እየገባ ነው መሰለኝ» አለችና አለቀሰች።  ባለሆዷም ጉልበት ይሆናት ብላ አጃውን አበረከተችው።

አንድ ቀን ሚጢ ስፌት መኪናው ላይ እንዳለች ጣቷን መርፌው ወጋው። ደሙ የሙሽራዋ ቀሚስ ላይ ፈሰሰ። ባለቤቱ እየሮጠ መጥቶ ሲያያት ዓይኗ ግማሽ ተከድኗል፣ ስትነሳም ተንገዳገደች።

«ጠጥተሽ ነው?» አላት።

«አልጠጣሁም» ልትል ነበር፣ ምላሷ እምቢ አላት። ሌሎቹ ሰፊዎች መኪናቸውን አቁመው እያዩ ነው። በሽታዋን የታገሠ ሰው ይህን መታገሥ አልቻለም፣ በዚያው ቀን አሰናበታት። ብትወድቅ ኖሮ ያዝኑላት ነበር። ያን ቀን ግን አንድም ሰው ከበሩ ወጥቶ አልሸኛትም።

በማግስቱ ባለሆዷ ጠረጴዛዋ ላይ ነበረች። ተራው የጠገበ ሆድ ነበር፣ በሌላ አዲስ እንክብል። ብልቃጧን ወደ መስኮቱ ስታነሳ ከታች ምንም የለም። ኃላፊው በትከሻዋ ላይ አጎንብሶ አየና «ግሩም ነው፣ ሁሉም ሟሙቶ ቀርቷል» አላት።

«እንዲያው ልጠይቅዎት» አለች። «በዛ የምንለው መቼ ነው?»

«ምኑ?»

«የሟሟው። በሰው ሆድ ቢሆን።»

ኃላፊው ሳቅ አለ። «እሱን ሐኪሞቹ ይጨነቁበት። የኛ ሥራ እንዳይዘቅጥ ነው።»

እሱ ወደ ቢሮው ሄደ። ባለሆዷ ብልቃጧን እንደያዘች ቀረች። የብርጭቆ ሆድ ደም የለው፣ ጭንቅላት የለው፣ እግር የለው። የፈለገውን ያህል ቢሟሟበት አያንቀላፋም፣ ከሥራም አይባረርም። ሐኪሙ የጨመረው መጠን የተሰላው ዳቦ በሻይ ለምትበላ ሴት ነው። ያ ሁሉ አሁን፣ በእሷ አጃ ምክንያት፣ አንዲት ቅንጣት ሳትዘቅጥ ወደ ሚጢ ደም እየገባ ነው።  ብልቃጧን ማስቀመጫው ላይ አኖረች፣ ጋዋኗን አውልቃ ወጣች።

እህትማማቾቹ ሐኪም ቤት አብረው ሄዱ። ሐኪሙ ሚጢን በመስመር ላይ አስኬዳት፣ ዓይኗን በመብራት አየ፣ ግራ ተጋባ። «በምግብ በኩል የተለወጠ ነገር አለ?» ብሎ ጠየቀ።

«ምንም የለም ዶክተር» አለች ሚጢ በተሳሰረ ምላሷ። «እህቴ ናት የምትሠራልኝ። እሷ ደግሞ ጥንቃቄዋን አይጠይቁኝ፣ ሥራዋ ነው።»

ሐኪሙ ወደ ባለሆዷ ዞረ። ቃሉ ምላሷ ጫፍ ላይ መጥቶ ነበር። ብናገር ትወጣለች፣ በእናታችን ምላለች፣ ከወጣች ደግሞ ብቻዋን ወድቃ ትሞትብኛለች ብላ አሰበች። ዘይቱን ዛሬውኑ ባቆም፣ እሱም መጠኑን ቢቀንስ፣ ነገሩ ራሱ ይስተካከላል ብላም አሰበች። «ምንም የለም» አለች።

ሐኪሙ ግን መጠኑን አልቀነሰም። «እንግዲያው ይህ መድኃኒት ከሰውነትሽ ጋር አልተስማማም» አለና ከነጭራሹ አስቆመው፣ የድሮውን ኪኒን መልሶ ጻፈላት። ያን ጊዜም መናገር ይቻል ነበር። ባለሆዷ ቦርሳዋን አንስታ እህቷን በክንዷ ደገፈች፣ አመስግና ወጣች። በኮሪደሩ ላይ ሚጢ «እትዬ፣ አንቺ ባትኖሪ ምን ይውጠኝ ነበር» አለቻት።

የሚጢ ምላስ ተፈታ፣ እንቅልፉም ለቀቃት። የድሮው ኪኒን ግን ድሮም አልያዘላትም ነበር። ሥራ ፈትታ መቀመጥ ስላልቻለች ከጎረቤት ልብስ እየተቀበለች ቤት ውስጥ ትጠግናለች፣ ትተኩሳለች። አንድ ቀን ባለሆዷ ሥራ ላይ ሳለች፣ ካውያው እንደጋለ፣ ሚጢ ወደቀች። የወደቀችው በቀኝ እጇ ላይ ነው፣ እጇም በካውያው ላይ። ጎረቤት የተቃጠለ ነገር ሸቶት በር ሰብሮ እስኪገባ ድረስ እንደዚያው ነበረች።

ባለሆዷ ሐኪም ቤት ስትደርስ የሚጢ እጅ ተጠቅልሎ ነበር። ሚጢ ነቅታለች። ሐኪሙ ከአልጋው ግርጌ ቆሞ ወረቀቱን ያገላብጣል፣ «ያኛው መድኃኒት እኮ ይዞላት ነበር» ይላል ለራሱ። ባለሆዷ ያን ጊዜ ተናገረች። ስለ ዘይቱ፣ ስለ አስኳሉ፣ ስለ ቀረፋው፣ ስለ «ምንም የለም»ም ጭምር። 

ሐኪሙ ወረቀቱን አጠፈ። «አንቺ ሥራሽ ይሄ ሆኖ» አለና ወጣ።

 ሚጢ አልጮኸችም። ብትጮህ ለባለሆዷ ይሻላት ነበር።

«ለምን እንደሆነ ንገሪኝ» አለች። «ዘይቱ ለምን አስፈለገ?»

ባለሆዷ አስረዳቻት። ውሃ ስለሚጠላው መድኃኒት፣ ስለ ሐሞቱ፣ ስለሚዘቅጠው ነጭ ነገር። ለኤሌክትሪሺያኑ እንዳስረዳችው አድርጋ፣ እጇን እያወራጨች ሁሉ። ሚጢ እስከ መጨረሻው ሰማቻት።

«ይሄው ነው?» አለች። «ይሄ እኮ ይገባኛል። ሁልጊዜ ብዪ፣ ብዪ ብቻ ነው ያልሽኝ። ይህን ብትነግሪኝ አፍንጫዬን ይዤ እውጠው ነበር፣ ለወንበሬ ስል። ለሐኪሙም እነግረው ነበር።»

 እውነት ነበር። ለመንገደኛ ሁሉ የተረፈውን ቃል ባለሆዷ ለእህቷ አልሰጠችም፤ አይገባትም ብላ ነው፣ ሚጢ ናት ብላ ነው። አደራ የተቀበለችው ሕፃን ነበረች፤ ሕፃኗ ማደጓን የነገራት ሰው አልነበረም። ይህን ግን ለሚጢ ልትላት አልደፈረችም፣ «ይቅር በዪኝ» ብቻ አለች። ሚጢ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ሐኪሙ እንክብሉን መለሰላት፣ በልኩ፣ ከምን ጋር እንደምትበላው ነግሮ። ከዚያ ወዲያ ወድቃ አታውቅም። ሁለት የቀኝ እጇ ጣቶች ግን ከዚያ ወዲያ አልታጠፉም፤ መርፌ የሚይዙት ናቸው። የስፌት ቤቱ ባለቤት ስለ መድኃኒቱ ሰምቶ አዝኖላት ነበር፣ ግን ጣቱ ለማይታጠፍ ሰፊ ምን ወንበር አለ። አሁን ከከተማው ማዶ ባለ ሱቅ ቁልፍና ክር ትሸጣለች። እዚያው አጠገብ አንዲት ክፍል ተከራይታ ወጥታለች። ስትወጣ ባለሆዷ አልጋዋን ተሸክማ አግዛታለች፣ አልተጣሉም።

በዕረፍት ቀኗ ባለሆዷ ሁለት አውቶቡስ ቀይራ ልትጠይቃት ትሄዳለች። ሚጢ በደንብ ነው የምትቀበላት፤ ወንበር ጠርጋ ታስቀምጣታለች፣ ስለ ሥራዋ ትጠይቃታለች፣ እንደ አንድ የተከበረች እንግዳ። ባለፈው ስትሄድ ሰዓቱ የምሳ ነበር። ሚጢ ምድጃው ላይ የጣደችውን ድስት ከፈት አድርጋ ስታማስል ሽታው ክፍሏን ሞላው። ባለሆዷ ከጠዋት ጀምሮ እህል አልቀመሰችም ነበር።

«በልተሽ ነው የመጣሽው፣ አይደል?» አለች ሚጢ፣ ፊቷን ሳትመልስ።

«አዎ፣ በልቻለሁ» አለች ባለሆዷ።

ሚጢ ለራሷ በአንድ ሳህን አወጣች፣ እንክብሏን ዋጠች፣ ማንኪያውን በግራ እጇ ይዛ መብላት ጀመረች። ባለሆዷ በሳህኑ ውስጥ ያለውን እንዳታይ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች።